ቤተሰቡ እስር ቤትን የሚያውቀው ከፊልም ነበር

ይህ የአንድ የደሴ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ትልቁ ልጅ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ሰው ገጨ፣ የተገጨው ሰው ሞተ፣ ልጁ ተፈርዶበት ታሰረ፣ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። በመሃል ግን ቤተሰቡ 40 ሺህ ብር ለአንድ አታላይ አስረከበ። ሞኞች ሆነው አይደለም። እስር ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ በደንብ የሚያውቁ መስሏቸው ነው። ያንን እውቀት ያገኙት ደግሞ ከፊልም ነው።

የማንንም ስም አልጠቅስም። እንዲጻፍ የፈለጉት ራሳቸው እናቱ ናቸው። «ሌላ እናት እንዳትበላ ጻፈው» አሉኝ። ልጁም ተስማማ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፣ ፒያሳ ላይ ደግሞ ፊልምና ተከታታይ ድራማ በፍላሽ እየጫንኩ ነው የምተዳደረው። የልጁ ታናሽ ወንድም ደንበኛዬ ነው። ይሄን ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ የእስር ቤት ፊልም ራሱን የቻለ ገበያ አለው። ሰው የፊልሙን ስም ሳይጠራ «የእስር ቤት ነገር የለህም?» ይልሃል። በአማርኛ የተተረከ ከሆነ ደግሞ ወጣቱ ብቻ ሳይሆን ቡና ላይ የተሰበሰበው ሁሉ ነው የሚያየው።

አደጋው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን መንገድ በክረምት የነዳ ሰው ጭጋጉን ያውቀዋል። የፊት መብራትህ ነጭ ግድግዳ ላይ እንደተተኮሰ ሆኖ ወደራስህ ይመለሳል። ልጁ በዚያ ሰዓት ጭኖ እየወረደ ነበር። መታጠፊያው ላይ የመንገዱን ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው ገጨ። አልሸሸም። መኪናውን አቁሞ ሰውየውን በሌላ መኪና ሆስፒታል አደረሰው። አልተረፈም። ልጁ ፍጥነቱ ለዚያ ጭጋግ የሚሆን እንዳልነበረ ለፖሊስም ለፍርድ ቤትም ተናግሯል። ለእኔም ስንት ጊዜ ነግሮኛል።

የተከሰሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ማለት ነው፣ ነገር ግን ጥፋተኛው እንደ ሹፌር ወይም እንደ ሐኪም የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን ነው ይሄ ንዑስ አንቀጽ የሚጠቀሰው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ያስከትላል። ለእሱ 3 ዓመት ተወሰነበት።

ገና ከዚህ ጀምሮ ፊልሙና ሕይወቱ ይለያያሉ። እኛ የምንወዳቸው የእስር ቤት ፊልሞች ጀግና በአብዛኛው ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ነው። «ዘ ሻውሻንክ ሪደምፕሽን» ላይ ያለው የባንክ ሠራተኛ ሚስቱን አልገደለም። «ፕሪዝን ብሬክ» ላይ ሞት የተፈረደበት ወንድም በሐሰት ማስረጃ የተጠመደ ነው። ፊልሙ ይሄ ያስፈልገዋል። እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን «አምልጥ! አምልጥ!» እንድንል ሰውየው ንጹሕ መሆን አለበት። ይሄ ልጅ ግን ጥፋተኛ ነው፣ ክፉ ሰው ደግሞ አይደለም። አንድ ቀን ምሽት በፍጥነት ነዳ፣ አንዲት ሴት ባሏን አጣች፣ ልጆች አባታቸውን አጡ። እንዲህ ያለ እስረኛ ፊልም ላይ ቢኖር እንኳ ከኋላ ሳህን ይዞ የተሰለፈው ነው፣ ካሜራው አይቆምለትም። ስለዚህ ቤተሰቡ የራሱን ልጅ የሚመስል ሰው የትም አይቶ አያውቅም ነበር።

ሰውየው

ልጁ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ማረሚያ ቤት ሊዛወር ነው ሲባል ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። እናቱ ስለዚያ ሰሞን ሲያወሩ አሁንም ድምፃቸው ይለወጣል። «ሌሊት ሌሊት ልጄን ሲያርዱት ነበር የሚታየኝ» ይላሉ። ታናሽየው ደግሞ ዝርዝሩን ያውቃል። አዲስ ገቢ የመጀመሪያው ሌሊት ይደበደባል። ሁሉም የሚፈራው አንድ አለቃ አለ። ጠባቂዎቹ በእጁ ናቸው። የእሱ ሰው ካልሆንክ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያገኙሃል። ይሄን ሁሉ ለእናቱ ነገራቸው። ልጁ ተንኮል አላሰበም፣ ወንድሙን ማዳን ነው የፈለገው። የነገራቸው ግን አንድም ስለ ደሴ አልነበረም፣ ሁሉም ፊልም ነበር።

«ፕሪዝን ብሬክ» እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተቀረጸው ኢሊኖይ ግዛት ጆሊየት ከተማ በሚገኝ እውነተኛ እስር ቤት ሲሆን፣ ቦታው በ2002 ተዘግቶ ባዶውን የተቀመጠ ነበር። ሻውሻንክም በ1994 ሲወጣ እንደዚሁ ነው፣ ኦሃዮ ማንስፊልድ ውስጥ በ1990 የተዘጋ አሮጌ ማረሚያ ቤት ነው የተከራዩት። ድንጋዩም ብረቱም እውነተኛ ነው። ሰው ግን የለበትም። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን እነዚያን ባዶ ሕንፃዎች እናያለን፣ የውስጡን ኑሮ ደግሞ ጸሐፊው ይሞላዋል፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ እውነት ነው ብለን እንቀበላለን።

አታላዩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ አካባቢ የማይጠፋ፣ ጥሩ የለበሰ፣ ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው ነበር። እናቱን ሲያለቅሱ አያቸው።

«እማማ፣ አብሽሩ። ልጅዎን ወዴት ነው የሚወስዱት?»

ነገሩት።

«እዚያ የማውቀው ትልቅ ሰው አለ። እሱ ጥላ ከሆነለት ማንም አይነካውም። እሱ ካልያዘው ግን…»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ቀሪውን ታናሽየው ጨረሰለት፣ ሰውየው ያቋረጠው ቦታ ላይ ስንት ምዕራፍ ድራማ ተደርድሮ እየጠበቀ ነበር። እዚያ በር ላይ ማንም ቢሆን «ውስጥ አለቃ የሚባል ሰው መኖሩን በምን አወቅህ?» ብሎ አልጠየቀም፣ ምክንያቱም ጥያቄ የሚሆን ነገር አልመሰላቸውም።

መጀመሪያ 15 ሺህ ከፈሉ። ኩታበር ያለችው የእናቱ ጊደር ተሸጠች። ትንሽ ቆይቶ ሰውየው ደወለ። «አሁን ደግሞ ጥሩ መኝታ ተገኝቶለታል» አለ። ሌላ 25 ሺህ። ይሄኛው ከዕቁብና ከብድር ነው የመጣው። ማረጋገጫው ምን እንደነበር ስሙ። እናቱ በመጀመሪያው የጥየቃ ቀን ልጃቸውን አይተው ሲመለሱ ሰውየው ደውሎ «ፊቱ ላይ ጭረት አዩበት?» አላቸው። «የለም ልጄ፣ አላየሁም» አሉት። «አዩ እንግዲህ፣ ይኼ የእኔ ሥራ ነው።»

ልጁ ያልተደበደበው ማንም ሊደበድበው ስላልመጣ ነው። ሰውየው ያልተደረገ ነገር እንዳይደረግ በመከልከሉ ነው ገንዘብ የተቀበለው።

የጥየቃ ሰልፍ

ለምን ልጁን አልጠየቁትም? እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይሄንኑ ነው። መልሱ ጥየቃውን ያየ ሰው ሁሉ የሚገባው ነው። እስረኛው በወዲያኛው አጥር፣ ጠያቂው በወዲህኛው። መሃሉ ባዶ ነው፣ ጠባቂ ይመላለስበታል። በግራህም በቀኝህም ሰው ይጮሃል። አንዱ ስለ ከብት፣ አንዷ ስለ ልጅ ትምህርት፣ ሌላው ስለ ጠበቃ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። እንዲህ ባለ ቦታ እናት ጮክ ብላ «ይመቱሃል ወይ?» ብላ አትጠይቅም። ጠባቂው ይሰማል፣ በልጇ ላይ ጣጣ እንዳታመጣ ትፈራለች። ስለዚህ «ደህና ነህ?» ትላለች፣ «ደህና ነኝ» ይላታል። «ደህና ነኝ ያለው ደግሞ እንዳልጨነቅ ለእኔ ብሎ ነው» ትላለች። ከዚያ ፍርድ ቤት በር የሚቆመውን ሰው የበለጠ ታምነዋለች።

ነገሩ የተገለጠው ሰልፉ ላይ ነው። ስንቅ ለማስገባት ገና ሳይነጋ ይሰለፋሉ። እንጀራው ይገለጣል፣ ወጡ ይማሰላል፣ ያመጣችው ሴት ራሷ ትቀምሰዋለች፣ ከዚያ ይገባል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሴቶቹም ይተዋወቃሉ። ባሏ ብዙ ዓመት የተፈረደበት አንዲት ሴት እናቱን አስተውላቸዋለች። ስለ ክፍያው ሲነግሯት ደነገጠች።

«እማማ፣ ማነው እንዲህ ያለዎት? እኔ ስንት ዓመት ስመላለስ አንድ ብር ለጥላ ከፍዬ አላውቅም። የቤቱ ካቦ እኮ ከእስረኛው መሃል ነው የሚመረጠው፣ ሥራውም መኝታ ማስተካከልና ጠብ ማብረድ ነው። ልጅዎ የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ ነው። አገሩ ደሴ መሆኑን ረሱት?»

ልጁ በዚያን ሰሞን በአንድ ስስ ጋቢ ነበር የሚተኛው። 40 ሺህ ብር ወጥቶለት ብርድ ልብስ አልነበረውም። ቤተሰቡ የደከመው ለፊልሙ ድብደባ ነው፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ደግሞ ከላይ ሆኖ ሥራውን ይሠራል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ያን ገንዘብ ሕጉ የሚቆጥርለት ቦታ ነበረው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ ለተጎጂው እርዳታ ማድረጉን ወይም ጉዳቱን መካሱን ከጠቅላላ ማቅለያዎች ይቆጥረዋል። አንቀጽ 202 ላይ ያለው አመክሮም ቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ ሰው ጠባዩ መሻሻሉን ብቻ ሳይሆን ያደረሰውን ጉዳት በአቅሙ መካሱንም ይጠይቃል። ይኸውላችሁ፣ የሟች ቤተሰብ እዚሁ ነው ያሉት፣ ልጆች ያለ አባት ቀርተዋል፣ ወሎ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ነገር አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች ያላት አገር ናት። ሽማግሌ ይላካል፣ ይለመናል፣ ካሳ ይነገራል፣ ደም ይደርቃል። ኢንሹራንሱ የራሱ መንገድ አለው፣ ይሄ ግን ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነገር ነው። ገንዘቡ ቀድሞ እዚያ ቢሄድ ፍርዱ ይቀል ነበር ብዬ አልምልም። የሟች ሚስት ግን ያን ክረምት እንዲያ አትቸገርም ነበር። ይሄን ልጁ ራሱ ነው ያለኝ፣ ሲለኝም ቀና ብሎ አላየኝም።

ሽማግሌ የተላከው ከፍርዱ በኋላ ነው። የእናቱ ወንድም ከሁለቱም ወገን የሚከበሩ አንድ ሼህና አንድ ቄስ ይዞ ሄደ። ወዲያው አልተሳካም። የሟች ወንድሞች በር አልከፈቱም። ደግመው ሄዱ። በመጨረሻ ካሳው ተቆረጠ፣ በየጊዜው እየተከፈለ እንዲያልቅ ተስማሙ። ብዙ የእስር ቤት ፊልም ጭኛለሁ፣ ብዙም አይቻለሁ። ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ የሚለምንበት፣ የተበዳዩ ቤት ምን እንደሚመስል የሚታይበት አንድም አላስታውስም። ፊልሙ እስረኛውን ይከተላል፣ እስረኛው ደግሞ ግንብ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የሟች ቤት ከካሜራው ውጭ ይቀራል።

ውስጥ የነበረው

ልጁ ስለ ውስጡ ሲያወራ የሚጀምረው ከእንቅልፍ ነው። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። የመኝታ ቦታ በመግቢያ ቅደም ተከተል ነው፣ አዲስ ገቢ በሩ አጠገብ ይተኛል፣ ብርዱም እግሩም ያለው እዚያ ነው። ሰው ሲወጣ አንድ ቦታ ወደ ውስጥ ትጠጋለህ። ጠዋት ቆጠራ፣ ማታ ቆጠራ። ውሃ ሰልፍ። ሽንት ቤት ሰልፍ። ጠብ አይቷል፣ በውሃ ተራ የተነሳ ነበር፣ ካቦውና ሽማግሌ እስረኞች ገላገሉት። ይሄ እሱ የነበረበት ቤት ነው። በዚህ አገር እስረኛ አይሰቃይም አልልም፣ መንግሥት ራሱ በ2010 ዓ.ም. ማሰቃየት እንደነበረ በፓርላማ አምኗል፣ ማዕከላዊ የሚባለው የአዲስ አበባ የምርመራ እስር ቤትም በዚያው ዓመት ተዘግቷል። እሱ ግን በቀላል እስራት የገባ፣ ፖለቲካ ውስጥ የሌለ ሹፌር ነው። ያየው ይሄን ነው።

ከሁሉም የከበደው ቀጠሮ ነበር። ፊልም ላይ ፍርድ ቤት አምስት ደቂቃ ነው። ዳኛው መዶሻ ይመታል፣ ቀጥሎ የእስር ቤቱ በር ይዘጋል። እሱ ግን ፍርዱ እስኪመጣ ድረስ ሄዶ ተመለሰ፣ ሄዶ ተመለሰ። ምስክር አልቀረበም፣ ዳኛ አልተሟላም፣ መዝገብ አልደረሰም። በካቴና ወጥቶ ከተማውን በመኪና መስኮት አይቶ ይመለሳል። «ቀጠሮ ካለኝ ሌሊቱን አልተኛም፣ ቀጠሮ ከተሰጠኝ ደግሞ ቀኑ እስኪደርስ ሌላ ነገር አላስብም» አለኝ።

የገደለው ሰው በሕልሙ ይመጣ ነበር። ይሄን ለመናገር ጊዜ ወሰደበት። ከእስር ከወጣ በኋላም አንዳንዴ ይመጣል ይላል።

ያዳነው ነገር ደግሞ ክንድ አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነበር ትምህርት ያቆመው። ውስጥ ትምህርት ቤት አለ፣ የሚያስተምሩትም በአብዛኛው የተማሩ እስረኞች ናቸው። ዘጠነኛ ተመዘገበ። ጽሕፈቱ ቆንጆ ስለሆነ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችሉት አቤቱታና የይግባኝ ማመልከቻ ያስጽፉት ጀመር። የሕጉን መጽሐፍ ከአንድ አስተማሪ እየተዋሰ አንቀጾቹን ያነብላቸዋል። ስለ አንቀጽ 202 ያወቀው በዚያ መንገድ ነው። በቤቱ ውስጥ ክብር ያገኘውም በዚሁ ነው። ጡንቻ ያለው ሳይሆን ማመልከቻ መጻፍ የሚችል ሰው ነው እዚያ የሚፈለገው።

ፊልሙን አብረን ስናይ

ከወጣ በኋላ አንድ እሁድ ሱቁን ዘግተን እሱ፣ ታናሽየውና እኔ ሻውሻንክን አየነው። ሐሳቡ የእሱ ነው። «ወንድሜ ምን አይቶ እንደፈራልኝ ልይ» አለ።

ይሄ ፊልም ሲወጣ ሲኒማ ቤት ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ለ7 የኦስካር ሽልማት ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። ሰው የወደደው ቆይቶ በቪዲዮ ኪራይና በቴሌቪዥን ነው። ልጁ ፊልሙን አልናቀውም። እንዲያውም ሦስት ቦታ ላይ አስቆመኝ።

አንደኛው ጀግናው ለቤተ መጻሕፍት ገንዘብ እንዲሰጠው በየሳምንቱ ለመንግሥት ደብዳቤ የሚጽፍበት ነው። ስድስት ዓመት ሲጽፍ ቆይቶ መልስ ያገኛል። ልጁ ደስ አለው። «ይሄ ልክ ነው፣ እስር ቤት ውስጥ ወረቀት ነው የሚሠራው» አለ።

ሁለተኛው ግማሽ ምዕተ ዓመት ታስሮ የወጣው ሽማግሌ ነው። ውጭው ይከብደውና ራሱን ያጠፋል። ሦስተኛው ደግሞ 40 ዓመት የታሰረው ሰው ወጥቶ ሱቅ ውስጥ እየሠራ ሽንት ቤት ለመሄድ አለቃውን የሚያስፈቅድበት ነው። ልጁ እዚህ ላይ ዝም ብሎ ቆየ። እሱ የታሰረው 2 ዓመት ነው፣ 3 ዓመቱን በአመክሮ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ ነው የወጣው። ያም ሆኖ ቤት በገባ ሰሞን ወደ ጓሮ ለመውጣት ሲነሳ እናቱን ያያቸው ነበር። እናቱም ሳይገባቸው «ሂድ ልጄ» ይሉት ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ይሄን ማወቃቸው ገረመው። እኔንም ገረመኝ፣ ድብደባው ላይ ሁሉም ሰው ያተኩራል እንጂ ፊልሙ የተሻለ እውነት የያዘው በእነዚህ ትንንሽ ቦታዎች ነው።

የከፋው ነገር ላይ ግን አልተስማማም። «ጠያቂው የታለ?» አለ። ጀግናው በታሰረበት 19 ዓመት ሙሉ ስንቅ ይዞለት የመጣ ሰው አላየም። ፊልም ላይ የምናየው የአሜሪካ እስር ቤት ብዙ ጊዜ በመስታወት ተለያይቶ በስልክ የሚወራበት ነው፣ ምግቡም ከመንግሥት ነው፣ ስለዚህ ፊልማቸው ውስጥ ቤተሰብ ከሌለ የጎደለ አይመስልም። እኛ ጋ የእስረኛው ኑሮ ግማሹ በር ላይ ነው ያለው። ከቤት የመጣ እንጀራ ለብቻ አይበላም፣ ጠያቂ የሌለው ሰው ማዕድ ላይ ይቀመጣል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 21 ላይ የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤተሰቡ በፍርሃት ሲያባክን ልጁ በዚህ መብት ብዙም አልተጠቀመም። እናቱ ማየት እየፈለጉ ደም የሚያዩ እየመሰላቸው ይቀሩ ነበር።

ማምለጡንም እንዲሁ አለፈው። አልካትራዝ በሚባለው የአሜሪካ እስር ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1962 ሦስት ሰዎች በማንኪያ ግድግዳ ፈልፍለው፣ አልጋቸው ላይ የሰው ጭንቅላት የሚመስል ነገር አስተኝተው፣ በዝናብ ካፖርት በሠሩት ጀልባ ጠፍተዋል። እውነት የተደረገ ነው፣ በ1979 ፊልም ሆኗል፣ እስር ቤቱ ደግሞ ባመለጡ በዓመቱ ተዘጋ። ታናሽየው ይሄን በቃሉ ነው የሚያውቀው። ልጁ ግን «የት ብዬ ነው የማመልጠው? የእናቴ ቤት በባጃጅ የሚደረስ ነው። ብጠፋ መጀመሪያ የሚያንኳኩት እሱን ነው» አለ። ሊወጣ የፈለገው በበሩ፣ ወረቀቱን ይዞ ነበር።

ፊልም ስለ እስር ቤት የሚናገረው ነገር ከመዝናኛ አልፎ ሰው እንደሚጎዳ ሠሪዎቹም ያወቁበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ሚድናይት ኤክስፕረስ» ቱርክ ውስጥ በሐሺሽ የታሰረ አሜሪካዊ ታሪክ ነው። የተቀረጸው ማልታ ነው። ለጽሑፉ ኦስካር አግኝቷል። ቱርኮችን ሁሉ አውሬ አድርጎ ስለሳለ ግን አገሩ ለዓመታት በዚያ ፊልም ታየ። ታሪኩ የተወሰደበት ሰውዬ ራሱ በኋላ በዚያ አሳሳል መጸጸቱን ተናገረ፣ ጸሐፊው ኦሊቨር ስቶንም በ2004 ቱርክ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ።

ለቤተሰቡ ቀጥሎ የጫንኩላቸው «ሲንግ ሲንግ» ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በሚገኝ እውነተኛ እስር ቤት እስረኞች ቲያትር ስለሚሠሩበት ፕሮግራም የሚያወራ ነው። ከተዋናዮቹ አብዛኞቹ በዚያው ፕሮግራም ያለፉ የቀድሞ እስረኞች ናቸው፣ ራሳቸውን ሆነው የሚጫወቱም አሉ። ዋሻ የለም። ሰዎች ወንበር ከበው ተቀምጠው ያወራሉ፣ ይለማመዳሉ፣ የአመክሮ ቃለ መጠይቅ ይጠብቃሉ። ታናሽየው ግማሹ ላይ ሰለቸው። ልጁ ግን እስከ መጨረሻው አየው፣ በማግስቱም ደግሞ አየው።

ከወጣ በኋላ

ሰፈሩ ሲቀበለው ጥሩ ነበር። ቡና ተፈላ፣ ተመረቀ። ከዚያ ግን ጥያቄው መጣ። «ደበደቡህ?» «አለቃው ማን ነበር?» ወጣቶቹ ሱቄ በር ላይ ያስቆሙታል። የውሃ ሰልፍና ቀጠሮ ሲነግራቸው አያምኑትም፣ የደበቀ ይመስላቸዋል። አንዳንዱማ ያልተደበደበ ሰው የታሰረ አይመስለውም። ኮምቦልቻ ሥራ ሲጠይቅ ደግሞ የፖሊስ አሻራ አምጣ ተባለ። አሻራው ላይ ያለው ሲታይ አልቀጠሩትም። ሌላም ቦታ እንዲሁ። አሁን አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። መኪና ይጠግናል እንጂ አይነዳም። ሐረጎን ሲወርድ ተሳፋሪ ሆኖ ነው፣ ጭጋግ ካለ ደግሞ ዓይኑን ይጨፍናል። ማታ ማታ አሥረኛ ክፍል ይማራል።

ከደመወዙ በየወሩ ቆጥቦ የሟችን ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል። ጥቂት ነው የቀረው። የሟች ትልቁ ልጅ ባለፈው ረመዳን ቤታቸው ድረስ መጥቶ አብሯቸው አፈጠረ።

ስለ 40 ሺህ ብሩ እናቱ መጀመሪያ ለመክሰስ አልፈለጉም ነበር። ደረሰኝ የለም፣ ሰውየውም ከፍርድ ቤት በር ጠፋ። ቆይቶ ግን ሌሎች ሁለት እናቶችም በተመሳሳይ መንገድ መክፈላቸው ሰልፉ ላይ ተሰማ። አንዷ በስልክ ገንዘብ የላከችበትን መልእክት አላጠፋችውም። ሦስቱ አብረው አመለከቱ። ማመልከቻውን የጻፈላቸው ልጁ ነው። ብርድ ልብሱን ያስታወሰችው ሴትም ልትመሰክር ቃሏን ሰጥታለች። የስልክ ቁጥሩ ባለቤት ተገኝቷል፣ ቀጠሮው ግንቦት ላይ ነው።